የሌሊት ወፏ ቀኝ ጎን

መስታወት ቆራጩ ሚስቱን የሚያውቃት ከእግሯ ጀምሮ ነው። ሌላው ባል ሚስቱን በዓይኗ፣ በሳቋ፣ ሲብስም በኩርፊያዋ ያውቃል። እሱ ግን ከሥራ መልስ ሳሎናቸው ውስጥ በተዘረጋው ፍራሽ ላይ ይንበረከካል፤ ሁለት ባዶ እግሮችም እንደ ዘበኛ ከፊቱ ቆመው ወዴት ነህ ይሉታል። ጭንቅላቷ ከታች ነው፣ ዳሌዋ ከላይ። ፊቷ በጉልበቶቿ መሀል ተዘቅዝቆ ያየዋል።

"ና እንጂ!" ትለዋለች። አገጯ ደረቷ ላይ ስለሚጣበቅ ድምፅዋ ከጣሳ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል።

"በየት ልምጣ? በር የለሽም እኮ።"

"በር ቢኖረኝ ለምን እገለበጥ ነበር?"

ነገሩ ስም አለው። የብራዚል ጁጂትሱ የሚባለውን ትግል የሚያውቁ ሰዎች የተገለበጠ ጋርድ ይሉታል። ጋርድ ማለት በጀርባ ተኝቶ፣ እግርን አጥር አድርጎ፣ ከላይ የመጣውን ሰው አላሳልፍም ማለት ነው። ለአብዛኛው ሰው ይኸው ይበቃዋል። የተገለበጠው የሚመጣው ባላጋራ አጥሩን ዞሬ አልፋለሁ ሲል ነው፤ ያን ጊዜ የተኛው ሰው በትከሻው ተንከባሎ፣ ዳሌውን ሽቅብ ሰቅሎ፣ እግሮቹን እንደገና ሰውዬው ፊት ይገትራል። ለማያውቅ ተመልካች አልጋው ውስጥ ሸረሪት ያገኘ ሰው ይመስላል። በትግል ቤቱ ይህን እንደ እሷ የሚሠራ ስላልነበረ የሌሊት ወፍ አሏት፤ የእናት የአባት ስሟ በዚያው ተረሳ። አንዳንድ ጀማሪዎች ባሏንም "የሌሊት ወፍ ባል" እያሉ ይጠሩት ነበር። እሱም አቤት ይል ነበር።

እንዴት ጀመርሽው ተብላ ስትጠየቅ ወሬ ትቀይራለች፤ ባልየውም የጫማውን ክር ማሰር ይጀምራል። ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስት ጊዜ ፀንሳ ነበር። የመጀመሪያው ሲጨናገፍ የባሏ እናትና የራሷ አክስት፣ በሌላ በምንም ተስማምተው የማያውቁ ሴቶች፣ በአንድ ነገር ተስማሙ፦ ከእንግዲህ እግሯን ወደ ላይ ሰቅላ ትተኛ፣ ወደ ታች የሚወርድ ነገር እንዳይኖር። ሐኪሙም አይጠቅምም አይጎዳም ብሎ አለፈው። ስለዚህ በሁለተኛውም በሦስተኛውም ጊዜ መኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተረከዟን ሰቅላ ጣሪያ ጣሪያውን ስታይ ከረመች። ግድግዳው ላይ የተረከዟ ምልክት ጸና። ፅንሱ አልጸናም።

ከሦስተኛው በኋላ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ሆነ። በዚያ ሰሞን ባልየው የትግል ቤቱን ግድግዳ መስታወት እንዲያለብስ ተጠራ። ከቤት ትውጣልኝ ብሎ፣ ሜትር የሚይዝልኝ ሰው አጣሁ አላትና ይዟት ሄደ። እዚያ አንዲት ልጅ ምንጣፉ ላይ ተዘቅዝቃ አንድ ጎረምሳ ስታስለፋ አየች። ሜትሩን እንደያዘች ቆማ፣ ቆማ፣

"ይኼንንማ እኔም እችላለሁ፤ ያ ሁሉ ወር ልምምድ ምን ሆነና?" አለች።

ባልየው መሳቅ ይፈቀድ አይፈቀድ ግራ ገባው። ቀድማ የሳቀችው እሷ ናት። እስኪያስላት ሳቀች። እሱም መስታወቱን እንዳይጥል አቅፎ አብሯት ሳቀ፤ ከሁለቱም አንዱ፣ የትኛው እንደሆነ ይቅር፣ አለቀሰ። በማግስቱ ተመዘገበች።

አሠልጣኙ በትግል ብዛት ጆሮዎቹ ተኮማትረው የደረቀ ሊጥ የመሰሉ ሰው ነው። ሁሉም ጆሮው ነው የሚለው፤ ሲጠሩት ግን አይሰማም። "በትከሻ!" እያለ ይጮኽባት ነበር። "ከትከሻ ወደ ትከሻ! አንገት የተሰጠሽ ጭንቅላት ልትሸከሚበት ነው እንጂ ዳሌ ልትሸከሚበት ነው እንዴ? እምብርትሽን እይ! ጉልበት ወደ አፍንጫ!" ስትጀምር እንደ ተገለበጠ ወንበር ወደ ጎን ትወድቅ ነበር። ከዚያ ወገቧ ለሰለሰ። ከዚያም ዓይኗ ተዘቅዝቆ ማየት ለመደ፤ እሷ እንደምትለው ሰው ሲገለበጥ ያለው ትልቁ ችግር ወገብ ሳይሆን ግራና ቀኙ የማን እንደሆነ ማወቅ ነው። የተማረችውን ቤት አምጥታ ባሏ ላይ ትሞክራለች። እሱ አልተመዘገበም። "እኔ ቁም ሲሉኝ የምቆም ሰው ነኝ" ይል ነበር። ዳሩ ግን ለረጅም ጊዜ ግንብ ሆኖ የቆመ ሰውም ቢሆን አንድ ቀን መራመድ ያምረዋል። እግሮቿን ማለፍ ጀመረ።

የሚያልፋት እንደ ታጋይ አይደለም። ታጋይ ሱሪ ይጨብጣል፣ ይጎትታል፣ ይገፋል። መስታወት ግን የማይጨበጥ ነገር ነው፤ የጨበጠው ይቆረጣል። ስለዚህ መዳፉን ዘርግቶ እግሮቿ ላይ ያሳርፋል እንጂ አይዝም። እግሩንም አያነሳም፤ ትልቅ መስታወት የተሸከመ ሰው እግሩን ስለማያይ ተረከዙን መሬት ለመሬት እየጎተተ ወለሉ መኖሩን ያረጋግጣል። ደግሞ የሚላት አንድ ቃል አለችው። ሁለት ሰው መስታወት ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ አይተያይም፤ እጁን ሊቀይር ሲል ግን ለባልንጀራው ማሳወቅ አለበት፣ አለዚያ ሁለቱም ወደ ሐኪም ነው። "አለሁ" ይላል። በተጋቡ ሰሞን ረዳት ስላልነበረው ከእሱ ጋር ደረጃ ስትወጣ ስትወርድ የኖረችው እሷ ናት። ስለዚህ ሳሎን ውስጥም፣ እጁን ከአንዱ እግሯ ወደ ሌላው ሲያዛውር፣ ከአፉ ትወጣለች፦ "አለሁ"። መውጣቷን እሱ አያውቅም። እሷ ታውቃለች፤ ነግራው ግን አታውቅም።

በሽታው ከትንንሽ ብሎኖች ጀመረ።

እሷ ስልክ ጠጋኝ ናት። በመስታወት ቤቱ ጥግ ጠረጴዛ አላት፤ ከሰሊጥ ፍሬ የሚያንሱ ብሎኖችን በጣቷ አንስታ ቦታቸው ስታስቀምጥ ላየ ሰው ጸሎት የምታደርስ ትመስላለች። አንድም ጥላ አታውቅም ነበር። በኋላ ግን ባልየው የወደቀ ብሎን ጢን፣ ጢን ሲል መስማት ጀመረ። ማግኔት ይዞ ጠረጴዛዋ ሥር ይገባል።

"እጅሽ ምን ሆኖ ነው?"

"ተኝቼበት ነው።"

"በየቀኑ ትተኚበታለሽ?"

"የኔ እጅ ነው፣ ብፈልግ አቅፌው እተኛለሁ።"

የሚያቃጥል ሻይ የያዘ ብርጭቆ ላይ ጣቷ ዝም ብሎ መቀመጡን ያየ ቀን ጎትቶ ሐኪም ዘንድ ወሰዳት። ሐኪሙ የአንገቷን ፎቶ መብራት ላይ ሰቅሎ አሳያቸው። በአንገቷ አጥንቶች መሀል ያለው ዲስክ በቀኝ በኩል ሾልኮ፣ ወደ ቀኝ እጇ የሚሄደውን ነርቭ ተጭኖታል። "ምን ስፖርት ነው የምትሠሪው?" ሲላት በቃል ማስረዳት አቃታትና ልታሳየው አልጋው ላይ መውጣት ጀመረች፤ ሐኪሙ ራሱ ተነስቶ ያዛት። ከእንግዲህ በቀኝ በኩል አንድ ከባድ ጭነት ቢያርፍበት እጇን ልታጣው እንደምትችል፣ ከእጅም ሊያልፍ እንደሚችል ነገራት። ባልየው ከእጅ የሚያልፈው ምን እንደሆነ አልጠየቀም።

ውድድሩ ቀርቦ ነበር። ትግል ቤቱ ከገባች ጀምሮ የጠበቀችው ነው። ባልየው አሁንስ ትተዋለች ብሎ አሰበ። እሷ ግን እራት ላይ ማንኪያዋን በግራ እጇ ይዛ፣

"አንድ ውድድር ብቻ። ከዚያ በኋላ ሹራብ እሠራለሁ" አለች።

"በየትኛው ጣትሽ?"

"ስማኝ። በግራ ትከሻዬ ብቻ ነው የምንከባለለው። ቀኜን መሬት አላስነካም። ቃሌ ነው።"

"ቀኝሽ ካልወረደ በዚያ በኩል ክፍት ትሆኛለሽ።"

"ከአንተ በቀር ማን ያውቃል?"

እውነቷን ነው። ክፍተቱ የአንዲት ልብ ምት ያህል ብቻ ነው። ስትገለበጥ ቀኝ ጎኗ አጥር የለውም፤ ያን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው የሚገባበት፤ የሚያውቀውም እሱ ነው።

"ለጆሮው ልንገረው" አለ።

"ብትነግረው አንተና እኔ አበቃን።"

በትግል ቤቱ ያልተጻፈ ሕግ አለ፦ ሕመሙን የሚናገረው የታመመው ነው። የሌላውን ሰው የጉልበት ሕመም አስቀድሞ ያወራ ሰው ምንጣፍ ላይ ጓደኛ አያገኝም። ባልየውም ይህን ስለሚያውቅ ለጆሮው አልነገረም። ለሌላ ሰው አትንገር ደግሞ አላለችውም።

የተጋጣሚዎቹ ድልድል ሲወጣ የመጀመሪያዋ ባላጋራ ከድልድዩ ማዶ ካለው ክለብ የመጣች ፀጉር ሠሪ ሆነች። ሎደር ይሏታል። የተገለበጠ ጋርድ ሲያጋጥማት የምታደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እግሮቹን ሰብስባ ወደ ፊት ታጥፍና በሙሉ ክብደቷ ትቀመጥበታለች። ከዚህ በፊት የገጠመቻት ልጅ አንገቷ ላይ ድጋፍ አስራ ወደ ሥራ ስትሄድ ታይታለች። ባልየው ስሟን ሲሰማ አወቃት፤ የፀጉር ቤቷን መስታወቶች የገጠመው እሱ ነው። ቃል የሚባለው ነገር ቆመው ሲነጋገሩ ጥሩ ነው፣ ሰው ሲገለበጥ ግን ከኪሱ እንደ ሳንቲም ይወድቃል ብሎ አሰበ። ሚስቱን ከማመን ይልቅ ፍርሃቱን አመነ።

ፀጉር ቤቷ ሰኞ ዝግ ነው። ሰኞ ሄደ።

"ጋሼ! መስታወቴ ምን ሆነ?"

"ላልቶ እንደሆነ ብዬ ነው።"

መስታወቱን ነቀነቀው። እንኳን ሊላላ፣ ግድግዳው ነበር የሚነቀነቀው።

"ምንም አልሆነም እኮ።"

"አዎ፣ ምንም አልሆነም" አለና ቆመ። ከዚያ፣ "የሌሊት ወፍን ታውቂያታለሽ?"

"ቅዳሜ የምገጥማትን? እንዴት አላውቃት! እሷን እያሰብኩ የደንበኛ ጆሮ ልቆርጥ ነበር።"

"ሚስቴ ናት።"

ፀጉር ሠሪዋ ማበጠሪያዋን አስቀመጠች።

"ምን ልታደርጊያት ነው ያሰብሽው?" አላት።

"ምን አደርጋታለሁ፣ ስትገለበጥ አጥፌ እቀመጥባታለሁ" አለች፤ ስለ ፎጣ የምታወራ ነበር የምትመስለው። "ሁሉንም እንደዚያ ነው የማደርገው።"

እሱን የራሱ አንገት አመመው።

"እንደዚያ አታድርጊ። ከዚያ የሚሻል መንገድ አለ። በቀኟ በኩል፣ በዙሪያ፣ ሳትጫኛት። አሳይሻለሁ። አንገቷ ላይ ግን እንዳትወጪ።"

ልጅቷ ከላይ እስከ ታች አየችው። "ጋሼ፣ ተጣልታችሁ ነው?"

"የለም። እንዋደዳለን።"

"እኔስ ጠላት ይሻለኛል።"

ሆኖም ማሸነፍ የማይፈልግ ታጋይ የለም። ወንበሮቹን ገፉ፣ የተቆረጠ ፀጉር የተበተነበትን ወለል ጠረጉ፤ መስታወት ቆራጩም ጫማውን አውልቆ ተኛና ሚስቱን ሆኖ ተገለበጠ። ሆዱ አገጩ ላይ ወደቀበት። ራሱ በገጠማቸው መስታወቶች ሁሉ ውስጥ አንድ ቦርጫም ሰውዬ እግሩን ወደ ጣሪያ ሰቅሎ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ሆኖ ሲያይ ሰው ሁሉ ትልቅ፣ ጣሪያው ቅርብ፣ ትንፋሽም ውድ ነገር መሆኑ ገባው። እሷ በየቀኑ ከዚህ ሆና ነው ና የምትለኝ ብሎ አሰበ። ሐሳቡን ሳይጨርስ ግን ተነስቶ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር።

ከዚያ ልጅቷን አስተኝቶ በራሱ እጅ አሳያት። "መዳፍ። አትጨብጪ፣ ዘርግተሽ አሳርፊ። እግርሽን አታንሺው፣ ጎትቺው። ወደ ቀኟ። እጅ ስትቀይሪ... አለሁ... አሁን ጉልበት። ገባሽ?"

"ለምንድን ነው ቀኟ ክፍት የሆነው?"

"ምን ቸገረሽ፣ ክፍት ቤት ግቢ ስትባዪ ግቢ።"

ልጅቷ ሙያዋን የተማረችው የቀድሞ አሠሪዋን ከነሳሏ በመቅዳት ነው። ያየችውን ሁሉ ቀዳች፤ መዳፉን፣ ተረከዙን፣ የሰማችውንም። ደጋግማ ስትሠራው እሱ እግሯን እንጂ አፏን አላየም። ሲወጣ "ጎበዝ ነሽ" ብሏት ወጣ። መንገድ ላይ ቀለለው። ጉዱም ይኸው ነው፤ ክፉ የሠራ አልመሰለውም።

ቅዳሜ አዳራሹ በሰውና በካልሲ ሽታ ተሞልቷል። ባልየው ከምንጣፉ ዳር ነጠላ ጫማዋንና የውሃ ጠርሙሷን ይዞ ተቀመጠ። ጆሮው ከጎኑ ሆኖ ጥፍሩን ይበላል። ሚስቱ ስትገባ ዞር ብላ አየችውና ግራ ትከሻዋን በጣቷ መታ መታ አደረገች፦ በዚህ በኩል ብቻ፣ አትፍራ ማለቷ ነው። እሱም ራሱን ነቀነቀ።

ዳኛው ጀምሩ አለ። ሚስቱ ወዲያው ተቀመጠችና እግሮቿን ገተረች። ሎደሯ መጣች። ልትዞር ስትል የሌሊት ወፏ በግራ ትከሻዋ ተንከባላ ተዘቀዘቀች፤ አዳራሹ "ወፏ! ወፏ!" ብሎ ጮኸ። ሎደሯን የሚያውቁ ሁሉ አሁን ታጥፋለች፣ አሁን ትቀመጣለች ብለው ጠበቁ። እሷ ግን መዳፎቿን ዘርግታ እግሮቹ ላይ አሳረፈች።

"ምን እያደረገች ነው?" አለ ጆሮው። "ዳቦ እየዳመጠች ነው?"

ሎደሯ ተረከዟን እየጎተተች ወደ ቀኝ ሄደች። ባልየው የራሱን አካሄድ በሰው እግር ላይ አየው፤ ሰው ኮቱን ሌላ ሰው ለብሶት ሲያይ እንደሚደነግጠው ደነገጠ። ከዚያ እጇን ቀየረች። ስትቀይር ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ጩኸቱ መሀል ድምፁን አልሰማም፤ መስማትም አላስፈለገውም።

የሚስቱ እግሮች ቀጥ ብለው ቆሙ። የሚያውቃቸው እግሮች፣ አንድ ጊዜ እንኳን ቆመው የማያውቁት፣ ከኋላቸው በስማቸው እንደተጠሩ ሆኑ። ቀኝ ትከሻዋ ወደ ምንጣፉ ዝቅ አለ፣ ሊነካ አንድ ጣት ሲቀረው ቆመ፣ ተመልሶም ተነሳ። ሎደሯ በዚያ በኩል እንደ ቤቷ ገባች። ሦስት ነጥብ።

የቀረውን ጊዜ ሚስቱ ከሥር ሆና ጣሪያውን እያየች ጨረሰችው። ጆሮው "ተንቀሳቀሺ! ሞትሽ እንዴ?" እያለ ጮኸ። አልሞተችም። ዳኛው የሎደሯን እጅ ሲያነሳ እሷ ቆማ አንገቷን ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዞረች፤ ባልየውም አንገቷ እንደሚዞር አይቶ ከልቡ ተመስገን አለ። ከዚያ ዓይኗን አየ።

ሎደሯ ክፉ ልጅ አይደለችም። ደስታዋን መያዝ ስላልቻለች እየሮጠች መጣች። "ጋሼ! ሠራ እኮ! አንገቷ ላይም አልወጣሁም!" አለችና ሚስትየዋን ስታይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

ሚስቱ በትሕትና ጠየቀቻት። "የኔ እህት፣ እጅሽን ስትቀይሪ ያልሻትን ቃል ማን አስተማረሽ?"

"እኔ... እንደ ትንፋሽ ነገር መስሎኝ ነው። እሱ ሲል... አይባልም እንዴ?"

"ይባላል" አለች ሚስቱ። "ጎበዝ፣ በደንብ ነው የያዝሻት።" ነጠላ ጫማዋን ከባሏ እጅ ወስዳ እግሯን ከተተች።

አውቶቡሱ ውስጥ ከጎኑ ወንበር እያለ ቆማ ሄደች። ሰው ሁሉ ያያቸው ነበር፤ ባዶ ወንበርና የቆመች ሴት ሲታዩ ከጠብ በላይ ጩኸት አላቸው። ቤት ገብታ ቦርሳዋን ካስቀመጠች በኋላ ነው አፏን የከፈተችው።

"ሌላ ሴት ብትይዝብኝ ኖሮ ለእናትህ እነግርብህ ነበር። አክስቴም ትመጣ ነበር፣ ሽማግሌ ይቀመጥ ነበር። ይኼን ለማን ነው የምነግረው? ምን ብዬ?"

"ትጨፈልቅሽ ነበር። አንገትሽን ላድን ብዬ ነው።"

"አንገቴን አዳንክ። እኔን ለማን ተውከኝ?"

"እጅሽን ብታጪስ? ከእጅም ያልፋል ብሏል እኮ! ሦስት ጊዜ ቀብሬ..." አልጨረሰውም። ጨርሶት አያውቅም።

"እኔስ? እኔ ሦስት ጊዜ የት ነበርኩ?" አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "ያን ሁሉ ጊዜ እግርሽን ስቀይ ሲሉኝ ሰቀልኩ፣ አትንቀሳቀሺ ሲሉኝ ዝም አልኩ። ሁሉም ስለ ገላዬ ተነጋግረው ወስነው ይነግሩኛል። አንተ ብቻ ነበርክ የማትነግረኝ። አንተ ቆመህ ነበር የምትጠብቀኝ።"

ከዚያ ፍራሹን በእግሯ ገፍታ ዘረጋችው። የውድድር ልብሷን እንደለበሰች ተኛች፣ ተንከባለለች፣ ተዘቀዘቀች።

"ና" አለችው ከታች።

"ተይ እባክሽ።"

"እንዳስተማርካት አድርገህ እለፈኝ። ለእሷ ያሳየኸውን ለእኔ አሳየኝ። ና!"

ተንበረከከ። እጁን መዘርጋት እንጂ ሌላ የሚያውቀው ነገር ስላልነበረ መዳፉን ዘረጋ። ተረከዙን ጎተተ፣ ወደ ቀኟ ሄደ። እጁን ቀየረ። አፉን ገጥሞ ነበር የቀየረው። ክፍተቱ ጋ ሲደርስ ቀኝ ትከሻዋ ጧ ብሎ ፍራሹ ላይ ወረደ፤ እግሯ እንደ በር ዞሮ መጥቶ ደረቱን ገጨው። ቆመ። ሊገፋ ሞከረ። ምንም ቦታ አልነበረም።

"አየህ?" አለች። ፊቷ ደም ሞልቶት ቀልቷል። "መዝጋት እችላለሁ። ድሮም እችል ነበር። ዛሬ ቃሏን ከአፏ ስሰማ ልዘጋው ነበር፣ ትከሻዬ ወርዶ ነበር። አየህ አይደል ሲወርድ?"

"አየሁ።"

"ለምን እንዳልዘጋሁት ታውቃለህ?"

አወቀ። ያወቀው እዚያው እግሯ ደረቱ ላይ እንዳለ ነው።

"ቃሌን ሰጥቼህ ነበራ" አለች። "አንተ ክፍቱን ለሰው ስታሳይ፣ እኔ ለአንተ ብዬ ክፍት ትቼው ነበር።"

"ውረጂ። እባክሽ ውረጂ፣ አንገትሽ።"

ወረደች፤ ቀስ ብላ፣ በጎኗ። ቀኝ እጇ ፍራሹ ላይ ሌላ ሰው ረስቶት እንደሄደ ጓንት ተጋድሟል። በግራ እጇ አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። እሱ ሊያሽላት እጁን ሲዘረጋ አልተቆጣችም፤ ጭኗን ብቻ ወደዚያ ፈቀቅ አደረገች።

ለውድድሩ ፀጉሯ ጠበቅ ብሎ ተጎንጉኖ ነበር። መስታወት ፊት ቆማ በግራ እጇ ልትፈታው ሞከረች። አንድ ጉንጉን የሚፈታው በሁለት እጅ ነው። ጣቷ ፀጉሯ ውስጥ ገብቶ ይያዛል፣ ትጎትተዋለች፣ ትተወዋለች፣ እንደገና ትጀምራለች። ሌላ ጊዜ የሚፈታላት እሱ ነው፤ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ እሱ ከኋላዋ ይቆማል፣ የሥራ ወሬ ያወራሉ። አሁንም ወንበሩን ጎትቶ አስቀመጠላት። ወንበሩን አየችው። ከዚያ ማበጠሪያዋን አነሳችና ወጣች።

የጎረቤታቸውን በር ስታንኳኳ ሰማ። ግድግዳው ስስ ነው፤ ማዶ ያለውን ሳል እንኳ አይደብቅም።

"ውይ ልጄ፣ ግቢ ግቢ!" አሉ ጎረቤቲቱ። "አሸነፍሽ?"

"ተሸነፍኩ፣ እትዬ። ይህን ጉንጉን ይፍቱልኝ ብዬ ነው። እጄ እምቢ አለኝ።"

ወንበር ተጎተተ። ማበጠሪያ ፀጉር ውስጥ ሲሄድ ይሰማ ነበር። ሴትዮዋ ትንሽ እንደፈቱ ጠየቁ፤ ዝምታ ብዙ አይዋጣላቸውም።

"ባልሽ እጁን ምን ነካው?"

"ምንም አልነካውም" አለች ሚስቱ።